ለጅብ በር ለከፈተች ከተማ፦ ስለ ጥንብ አንሳ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ሐረር ውስጥ በጽዳት፣ በእንስሳት ጤና፣ በቄራና በመብራት ሥራ ላይ ላላችሁ ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ ለድሬዳዋ አቻዎቻችሁ፣ ለልኳንዳ ቤት ባለቤቶች፣ ለሰፈሬ ሰው

ጉዳዩ፦ ውሻና ጅብ በመርዝ መግደል እንዲቀር ስለመጠየቅ

በመጀመሪያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደብዳቤውን በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ አልሄደልኝም። የሐረርና የድሬ ሰው መቼም አንቱታ አይሆንለትም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ብሎ ነው የሚጠራው። ስለዚህ እንደምናወራው እጽፋለሁ። ንቀት እንዳይመስላችሁ።

አባቴ ሥጋ ሻጭ ነበር። ልጅ ሆኜ ትምህርት በሌለበት ቀን ጎህ ሳይቀድ ቄራ ይዞኝ ይሄዳል። እሱ በሬውን ሲያስገፍፍ እኔ አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አሞሮቹን አያለሁ። ጣሪያው ላይ፣ ዛፉ ላይ፣ አጥሩ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ትከሻቸውን ሰብቀው፣ አንገታቸውን ቀብረው፣ ጡረታ ሊቀበሉ የተሰለፉ ሽማግሌዎች ነው የሚመስሉት። ሲጓጉ ወይም ሲናደዱ ያ ራሰ በራ ፊታቸው ይቀላል። ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት፤ ሙሉ ጠዋት ሳፈጥባቸው ነው።

ግድር መጋላ ሥጋ ተራ የሄደ ሰው የሚያውቀው ሌላኛውን ነው፤ ጭልፊቱን። ከእጅህ ላይ፣ ከዘንቢልህ ላይ ላፍ አድርጎ ይሄዳል። ቱሪስቱም እሱን ፎቶ ለማንሳት ሥጋ ወደ ላይ ይወረውራል። ጭልፊቱ ነጣቂ ነው፤ ሙያው ስለሆነ አልቀየመውም። ጥንብ አንሳ ግን ካንተ ምንም አይወስድም። አንተ የጣልከውን ነው የሚያነሳው። ስሙ ራሱ የሥራ መደብ ነው የሚመስለው።

«እነዚህ ባይኖሩ ማታ አካፋ ይዘን መመለሳችን ነበር» ይል ነበር አባቴ። ሰው ሰውን አዋርዶ ሲሰድብ «ጥንብ እርኩሱን አወጣው» እንላለን። የከተማችንን ጥንብ እርኩስ ከምር የሚያወጣው ግን እሱ ነው፤ ያውም ያለ ደሞዝ። የጨጓራው አሲድ እጅግ የከረረ ነው። አባ ሰንጋ የጣለውን ከብት በልቶ ምንም አይሆንም፤ ጀርሙም አብዛኛው እዚያው ሆዱ ውስጥ ያልቃል። ሰው ወይም ውሻ ያን ሥጋ ቢነካው የሚመጣውን የእንስሳት ሐኪሞቹ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ይሄን ለሌላ ከተማ ብጽፍ ኖሮ ረጅም ስብከት ያስፈልገኝ ነበር። ለሐረር ግን ምን ብዬ እሰብካለሁ? በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተገነባው የጀጎል ግንብ ላይ ለጅብ ማለፊያ ቀዳዳ አለ። ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሉታል። በአሹራ ለጅብ ገንፎ በቅቤ ይቀርባል። ጅቡ እንዴት እንደበላ አይተው የዓመቱን ዕድል የሚተነብዩ አባቶች አሉ። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ከሰው እጅ ሲበላ ለማየት ሰው ከዓለም ዳርቻ ይመጣል። ሌላው አገር ጅብን ሲያባርር ይህች ከተማ ጅብ የሌሊቱን ቆሻሻ እንደሚያነሳ ገብቷት በር ከፈተችለት።

ጥንብ አንሳ ደግሞ የቀን ፈረቃው ነው። እሱ ግን ቀዳዳም ገንፎም አላገኘም። አላማርረውም፤ በሰማይ ለሚመጣ በር ምን ያደርግለታል። ቢያንስ መርዝ እንዳይቀርብለት ነው የምለው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ከዓመታት በፊት በምሥራቁ ካሉ ከተሞች በአንዱ ስኖር ነው። የትኛው ከተማ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቦታ ነገር ስላልሆነ። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በዙ ተባለ። እውነትም በዝተው ነበር። ልጅ ተነክሷል፣ ሰው በሌሊት ለሶላትም ለኪዳንም መውጣት ፈርቷል። አንድ ማታ የተመረዘ ሥጋ ተበተነ። ጠዋት ስንነሳ ውሾቹ ቦይ ውስጥና መንገድ ዳር ተዘርረዋል። የሚያነሳቸው ጋሪ እስከ ቀትር አልመጣም። ከሱ በፊት የመጡት እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያዋ ስትወርድ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ከዚያ ሌላ መጣች፤ ከዚያ ሌላ። ከውሻው ሆድ ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ክንፏን ዘርግታ አስፋልቱ ላይ ተደፋች። ሌላዋ ልትበር ሞከረች፤ የጎረቤቴ ቆርቆሮ ላይ ተንከባልላ ወደቀች። የሰፈሩ ልጆች «ሰከረች! ሰከረች!» እያሉ ጠጠር ይወረውሩባታል። ጋሪው ሲመጣ ውሾቹንና አሞሮቹን አንድ ላይ ጭኖ ሄደ። ጫኚው ልጅ አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኖ «ምን አገባቸው?» ሲል ሰማሁት። አሞሮቹን ማለቱ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ውሾቹ ተመልሰው ሞሉ። አሞሮቹ አልተመለሱም።

ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሱ ቀላል ነው። ውሻ በዓመት ሁለቴ ሊወልድ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ቡችላ። ቄራችን ላይ የምናያት ቡናማዋ ባለቆብ ጥንብ አንሳ በዓመት የምትጥለው አንድ እንቁላል ነው። ጫጩቱ አድጎ ራሱ ለመውለድ ዓመታት ይፈጅበታል። ውሻውን ስትገድሉ ቦታውን የሚሞላ ሌላ ውሻ አለ። አሞራዋን ስትገድሉ ቦታዋን የሚሞላው ያው ውሻ ነው፤ የሷን ምግብ ወርሶ።

ሌላም ነገር አለ። ጥንብ አንሳ ምግብ የሚያገኘው ጓደኛውን አይቶ ነው። አንዱ ሲወርድ ሰማይ ላይ ያለው ሌላው ከሩቅ ያየዋል፤ እሱን ደግሞ ከወዲያ ማዶ ያለው ያየዋል። አንድ ሬሳ የአካባቢውን አሞራ በሙሉ ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ አንድ የተመረዘ ሥጋ የአንድ ሰፈር ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2019 ቦትስዋና ውስጥ በሦስት የተመረዙ የዝሆን ሬሳዎች ዙሪያ ከ530 በላይ ጥንብ አንሳዎች ሞተው ተገኙ። መርዙን ያስቀመጡት ዝሆን አዳኞች ናቸው። ለምን መሰላችሁ? አሞራ ሰማይ ላይ ሲዞር ጠባቂዎቹ «እዚያ የሞተ አለ» ብለው ይመጣሉ። አዳኙ ምስክሩን ነው የገደለው። እኛም ባቢሌ ውስጥ ዝሆኖች አሉን፤ የሰማይ ምስክር ያስፈልጋቸዋል።

ነገሩ በመላው አፍሪካ ያው ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ተመራማሪዎች ከ26 አገሮች የተሰበሰበ የ7,800 ገደማ ጥንብ አንሳዎችን ሞት መርምረው ነበር። 61 በመቶው በመርዝ፣ 29 በመቶው ለባህላዊ መድኃኒት ተብሎ፣ 9 በመቶው በኤሌክትሪክ መስመር። ውጤቱም ታየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አራት የአፍሪካ ዝርያዎችን «በእጅጉ ለመጥፋት የተቃረቡ» ብሎ መዘገባቸው። ከነዚህ አንዷ ይህችው የቄራችን ባለቆብ ናት። ሌሎቹ ነጭ ጀርባ፣ ነጭ ራስና የሩፔል የሚባሉት ናቸው፤ አራቱም አገራችን ውስጥ አሉ። የሩፔሏን ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ1973 አቢጃን ሰማይ ላይ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨችው እሷ ናት፤ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ! ያን ያህል የሚበር ወፍ ሌላ አልተመዘገበም። ያ ሁሉ ከፍታ ኖሯት የሚገድላት መሬት ላይ የተጣለ ቁራጭ ሥጋ ነው።

ስለዚያ 29 በመቶ ደግሞ አንድ ትዝታ አለኝ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ቄራው አጥር ጋ መጥቶ አባቴን ጠራው። የአሞራ ራስ ለመድኃኒት እንደሚፈልግ፣ ከያዘለትም ጥሩ እንደሚከፍለው በሹክሹክታ ነገረው። አባቴ ቢላዋውን ሳያስቀምጥ አየውና «የሱን ጭንቅላት ከምትገዛ ያንተን ብትጠቀምበት አይረክስም?» አለው። ሰውዬው ስድብ አልመለሰም፤ ዝም ብሎ ሄደ። ያኔ ሳቅኩ። አሁን ግን አያስቀኝም። ጊኒ ቢሳው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ከ2,000 በላይ ባለቆብ ጥንብ አንሳዎች ተመርዘው አለቁ። ከመካከላቸው በርካቶቹ ሲገኙ ራሳቸው ተቆርጦ ተወስዷል። ለገድ፣ ለሀብት፣ ለመተት የሚፈልገው ሰው ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም አንጎሉን ለሎተሪ ዕድል የሚፈልጉ አሉ። ጥንብ አንሳ ሩቅ ስለሚያይ የነገውንም ያያል ብለው። ነገን የሚያይ ቢሆንማ የተመረዘውን ሥጋ አይበላም ነበር።

ስለዚህ ሰፈራችን ውስጥ ራስ፣ ላባ፣ ልብ ለመድኃኒት የሚጠይቅ ቢመጣ አትሽጡለት። የዱር እንስሳት አዋጅ አለን። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደልም፣ በአካሉ መነገድም ወንጀል ነው። ለሰውዬው እንዲህ ቢነገረው የአባቴን ያህል ባያስቅም ይገባዋል።

የሕንድን ታሪክ የሰማችሁት ይኖራል። እነሱ አገር አሞራውን የጨረሰው የከብት መድኃኒት ነው። ዳይክሎፌናክ፤ ያው ወገባችንን ሲያመን የምንወጋው። ያን መድኃኒት የወሰደ ከብት ሞቶ ጥንብ አንሳ ከበላው ኩላሊቱ ይቆማል። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አሞሮች በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አለቁ፤ ከዋነኞቹ ዝርያዎች አንዱ ከ99 በመቶ በላይ ጠፋ። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ በ2006 መድኃኒቱን ለከብት ከለከሉ። እስከዚያ ግን ሬሳው ለውሻና ለአይጥ ቀረ፤ በሽታም አብሮ ተስፋፋ። ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኋላ አስልተው እንደገመቱት፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 ድረስ በአሞሮቹ መጥፋት ሳቢያ በየዓመቱ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ተጨማሪ ሰው ሞቷል። ሰው ነው የምላችሁ፤ አሞራ አይደለም።

የሩቅ አገር ወሬ ነው እንዳትሉኝ። አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ቄራዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 ድረስ ቆጠራ ተደርጎ ነበር። ጥንብ አንሳዎቹ ቀንሰዋል፤ ውሾቹ ከእጥፍ በላይ ጨምረዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ በአፍሪካ ክፉኛ ከሚጎዳቸው አገሮች አንዷ የኛዋ ናት። ውሻን በመርዝ ስንገድል ውሻ እያበዛን ነው የምለው ለዚህ ነው።

ውሻ አይነክስም አላልኩም። ልጁ ለተነከሰበት አባት ስለ አሞራ ማውራት ከባድ እንደሆነ ገብቶኛል። መፍትሔው ግን የሚታወቅ ነገር ነው፤ ክትባት። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ ይቆማል። የተከተበ ውሻ ሰፈሩን ይዞ ያልተከተበውን እንግዳ ያባርራል፤ የሞተ ውሻ ግን ቦታውን ለእንግዳው ለቅቆ ይሄዳል። ክትባቱ ገንዘብ ይጠይቃል፣ አዎ። መርዙስ በነፃ ነው እንዴ?

መርዝ የግድ ተጠቅሞ የተገኘ ከተማ ካለ ደግሞ፣ ቢያንስ ሬሳው ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ይቀበር። ቀትር ድረስ አይጠበቅ። ይሄ ጥናትም በጀትም አይፈልግም፤ ጋሪውን ቀደም ብሎ ማስነሳት ነው።

የከብት ሐኪሞችና የመድኃኒት ቤት ሰዎች፣ ለናንተ ያለኝ አጭር ነው። ለከብት ዳይክሎፌናክ አትጻፉ፤ አትሽጡ። ሜሎክሲካም የሚባለው ለከብቱም ይሠራል፤ አሞራውንም አይገድልም። ከብት አርቢው በራሱ ከሰው ፋርማሲ ገዝቶ እንደሚወጋም ታውቃላችሁ፤ ንገሩት።

የመብራት ሰዎች ደግሞ አሉ። እዚህ ላይ ድሬዎች ከኛ ይበልጥ ይመለከታችኋል። ከድሬ ወደ አፋርና ወደ ኢሳ ሜዳ ስትወርዱ በበጋው ነጫጭ፣ ፊታቸው ቢጫ የሆነ ጥንብ አንሳዎች ታያላችሁ። የግብፅ ጥንብ አንሳ ይባላሉ። ብዙዎቹ የኛ አገር አይደሉም፤ እንግዶች ናቸው። አንዳንዶቹ ከቡልጋሪያና ከግሪክ ነው የሚመጡት። በዚያ በባልካን የቀሩት ወደ 50 ጥንድ ገደማ ብቻ ናቸው። ያን ሁሉ አገር፣ በረሃና ባሕር አቋርጠው መጥተው አፋር ሜዳ ላይ የሚያድሩት ብዙ ጊዜ ምሰሶ ላይ ነው፤ ዛፍ ጥቂት ስለሆነ።

ትልቁ የብረት ማማ ብዙም አይጎዳቸውም፤ ሽቦዎቹ ይራራቃሉ። የሚገድላቸው ትንሹ ምሰሶ ነው። ክንፏን ስትዘረጋ ሁለት ሽቦ ከነካች፣ ወይም ሽቦና የብረቱን አግዳሚ አንድ ላይ ከነካች አበቃ። ፖርት ሱዳን አጠገብ እንዲህ ያለ አንድ አጭር መስመር ነበር፤ በ1950ዎቹ የተዘረጋ። ስንት ወፍ እንደፈጀ የሚያውቅ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ተቋርጦ በሌላ ተተካ። እኛ መስመር ማቋረጥ አይጠበቅብንም። አግዳሚው አጠገብ ያለውን ሽቦ በፕላስቲክ መሸፈን፣ አዲስ ምሰሶ ሲተከል ደግሞ ሽቦውን ከአግዳሚው በታች ማንጠልጠል ይበቃል። ለናንተም ጥቅም አለው፤ አሞራ ሲቃጠል መብራቱም ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ማን እንደሚሰደብ ታውቃላችሁ።

ለቄራው ኃላፊዎች ያለኝ ሐሳብ ከሁሉም ይበልጥ የምጓጓለት ነው። ቄራ ሲዘመን ግንቡ ይረዝማል፣ ትርፉ በጉድጓድ ይቀበራል፣ አሞራው ጦሙን ያድራል። መዘመኑ ጥሩ ነው፤ ጥሬ አንጀት ሜዳ ላይ ይጣል እያልኩ አይደለም። ግን ከጓሮ በኩል ዙሪያው በሽቦ የታጠረ፣ አናቱ ክፍት የሆነ አንድ ቦታ ቢተውስ? ውሻ አይገባበትም፤ አሞራ ይወርድበታል። ከበሽታና ከመድኃኒት ንጹሕ መሆኑ የተረጋገጠ ትርፍ እዚያ ይቀመጥለታል። ኔፓል ውስጥ የመንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ቦታ ከፍተው «የአሞራ ምግብ ቤት» ብለውታል። ቱሪስት መጥቶ ያያል፤ ገንዘቡ ለመንደሩ ነው። ጅብ በማብላት ስሟ በዓለም የተጠራ ከተማ የአሞራ ምግብ ቤት ብትከፍት ማን ይገርመዋል? ማታ ጅብ፣ ጠዋት አሞራ። አስጎብኚዎቻችን ቀኑን ሙሉ ሥራ አገኙ ማለት ነው።

እስካሁን የጻፍኩትን ለአንድ ጓደኛዬ አንብቤለት ነበር። «አቦ፣ ሰው ኑሮ ከብዶት አንተ ስለ አሞራ!» አለኝ። ልክ ነው፤ ኑሮ ከብዷል። ኑሮ ለከበደው ሰው ግን የእብድ ውሻ መርፌ ከሌላው ይበልጥ ይከብደዋል። አልኩት። ትንሽ አሰበና «ውሾቹስ እሺ፤ አሞራው ግን ያስጠላል» አለኝ። በዚህኛው አልተከራከርኩትም።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ወደ ቄራው ሄጄ ነበር። አጥሩ ላይ የነበሩት አሞሮች ከአንድ እጅ ጣት አላለፉም። ውሾቹን መቁጠር ጀምሬ ተውኩት፤ ይንቀሳቀሳሉ።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ የጥንብ አንሳ ቀን ሆኖ በብዙ አገር ይታሰባል። በኛ ነሐሴ ማብቂያ ወይም ጳጉሜ መግቢያ ላይ ይውላል። እኔ በዚያ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ደብተር ይዤ እዚያው አጥር ጋ ሆኜ እቆጥራለሁ። ከናንተ የሚመጣ ሰው ካለ ደስ ይለኛል። ወንበር አያስፈልግም። አባቴ ያስቀምጠኝ የነበረው ድንጋይ አሁንም አለ፤ ጠጋ ጠጋ ካልን ሦስት ሰው ይይዛል።

ከሰላምታ ጋር

የሥጋ ሻጩ ልጅ፣ ከሐረር